ፕሪየስ «የሞተር መቆጣጠሪያው የውስጥ ብልሽት» ሲል፦ ኢንቨርተር ከማዘዝ በፊት ምን ይለካ?

ከዚራ_11

ሰላም ለመድረኩ። መኪናው ቶዮታ ፕሪየስ የ2011 ሞዴል ነው፤ ሦስተኛው ትውልድ፣ 1.8 ሊትር ሞተር። ድሬ ውስጥ ሜዳ ላይ ሲነዳ ምንም አይል። ወደ ሐረር ሲወጣ ግን ደንገጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ይበራል፣ ጉልበት ያጣል፣ ወዲያው «ሬዲ» የሚለው የመነሳት መብራት ይጠፋል። ኮፈኑ ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ከቆመ ይነሳል።

የተነበቡት ኮዶች ፒ0ኤ1ቢ እና ዩ0110 ናቸው። ማሽኑ የመጀመሪያውን «የሞተር መቆጣጠሪያ ሞጁል፣ የውስጥ ብልሽት» ብሎ ይተረጉመዋል። የተሰጠው ምክር ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ዲሲ ለሞተሮቹ ወደ ኤሲ የሚቀይረውን ሣጥን) እንዳለ መቀየር ነው፤ ያገለገለ በጅቡቲ በኩል ይመጣል ተብሏል። ከማዘዜ በፊት ምን ምን ልለካ? መልቲሜትር አለኝ፣ 500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) መዋስ እችላለሁ።

ሽቦ_አንባቢ

አቦ ምንም እንዳታዝ! ገና ምንም አልተለካም።

«የውስጥ ብልሽት» የሚለው ቃል ነው ሰዉን የሚያሳስተው። በዚህ መኪና ሁለቱን ሞተር-ጄነሬተሮች የሚያዘው ኮምፒውተር ኢንቨርተሩ ሣጥን ውስጥ ያለ ቦርድ ነው። ቦርዱ ራሱን ይፈትሻል፤ ፕሮሰሰሮቹ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፣ ከሪዞልቨር (የሞተሩን ዘንግ አቀማመጥ ከሚያነበው ሴንሰር) የሚመጣውን ምልክት የሚተረጉመውን ክፍል ያያል፣ የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ ይመለከታል። ከነዚህ አንዱ የማይሆን ቁጥር ሲመልስ ፒ0ኤ1ቢ ይመዘግባል። ቁጥሩ የተበላሸው ቦርዱ ስለተቃጠለ ይሁን 12 ቮልቱ ለቅጽበት ስለተቋረጠበት ግን በዚህ ኮድ ብቻ አይታወቅም።

ዩ0110ን ደግሞ የሚጽፈው ሌላ ኮምፒውተር ነው። ዋናው የሃይብሪድ ኮምፒውተር «የሞተር መቆጣጠሪያውን ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም» ማለቱ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተመዘገቡ ሞጁሉ ለቅጽበት ሞቶ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ የተቃጠለ ትራንዚስተር ግማሽ ሰዓት አርፎ አይድንም፤ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ነገር ብዙውን ጊዜ የላላ ወይም የተሰነጠቀ መገናኛ ነው። መገናኛው ቦርዱ ላይ ያለ ብየዳ ሊሆን ይችላል፣ ከቦርዱ ውጭም ሊሆን ይችላል። ሥራው ይህን መለየት ነው።

መጀመሪያ ኮዱን በደንብ አንብብ። ርካሹ የብሉቱዝ ማንበቢያ ዋናውን ኮድ ብቻ ነው የሚያሳየው። በቴክስትሪም (በቶዮታ የራሱ የመመርመሪያ ፕሮግራም) ብትገባ ከኮዱ ሥር ሦስት አኃዝ ያለው ዝርዝር ኮድ ታገኛለህ፤ ምን እንደተሰማው የሚናገረው እሱ ነው። ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የተያዙትን ቁጥሮችም አስቀምጣቸው። ይህ ሁሉ ሳይያዝ ኮዱን ማንም እንዳያጠፋው፤ ከጠፋ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል።

ጀጎል_ቮልት

እኔ የምጠረጥረው ቡስት ኮንቨርተሩን ነው። በዚህ ሞዴል ባትሪው 201.6 ቮልት ነው፤ 28 ሞጁል፣ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት። ኮንቨርተሩ ይህንን እስከ 650 ቮልት ያነሣዋል። ዳገት ላይ ጉልበት ሲጠየቅ የሚጋሉት የኮንቨርተሩ ትራንዚስተሮች ናቸው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሦስተኛ ትውልድ ፕሪየስ የጠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሙቀት ትራንዚስተሮቹ ሊጎዱ ስለሚችሉ ሶፍትዌሩን ለመቀየር። በሁለተኛ ደረጃ ገበያ ዞሮ እኛ ጋ የደረሰ መኪና ይህ እድሳት ተሠርቶለት እንደሆነ በሻንሲ ቁጥሩ ይታያል። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ሐረር 1,900 ገደማ መውጣት፣ ያውም በከሰዓት ሙቀት፣ ለኮንቨርተር ከባድ ፈተና ነው።

ሽቦ_አንባቢ

እድሳቱ ይታይ፣ ትክክል ነህ። ኮንቨርተሩ ቢሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ፒ0ኤ94 ይመጣ ነበር፤ የኢንቨርተሩ ትራንዚስተር ቢሆን ፒ0ኤ78 ወይም ፒ0ኤ7ኤ። የፌዝ ከረንት ሴንሰር ቢሆን በሞተሩ በኩል ፒ0ኤ60 እና ፒ0ኤ63፣ በጄነሬተሩ በኩል ፒ0ኤ72 እና ፒ0ኤ75። (ፌዝ የሚባሉት ወደ እያንዳንዱ ሞተር የሚሄዱት ሦስት መስመሮች ናቸው፤ ዩ፣ ቪ፣ ደብሊው። ሴንሰር ያላቸው ቪ እና ደብሊው ናቸው። የሦስቱ ፌዝ ድምር ዜሮ ስለሆነ ዩ በስሌት ይገኛል።) ሪዞልቨር ከሆነ በሞተሩ ፒ0ኤ3ኤፍ፣ ፒ0ኤ40፣ ፒ0ኤ41፤ በጄነሬተሩ ፒ0ኤ4ቢ፣ 4ሲ፣ 4ዲ። እዚህ ከነዚህ አንድም የለም። ቢሆንም ግምት በመለኪያ ይፈታል፤ ከዚራ፣ የተያዙትን ቁጥሮች አምጣ።

ከዚራ_11

በቴክስትሪም ተነበበ። ሁለቱም ኮዶች በአንድ ክስተት ነው የተመዘገቡት። በቅጽበቱ የነበሩት ቁጥሮች፦ የባትሪ ቮልት 214፣ ከቡስት በፊት 212፣ ከቡስት በኋላ 598። የሞተሩ ኢንቨርተር ሙቀት 63፣ የጄነሬተሩ 58፣ የኮንቨርተሩ 61 ዲግሪ። የ12 ቮልት ባትሪው 13.9። ሌሊት አድሮ ጠዋት ሳይነሳ ሦስቱም ሙቀት 27፣ 27፣ 28 ነው የሚያሳዩት።

ሽቦ_አንባቢ

ይህ ብዙ ይናገራል። ሌሊት አድሮ ሦስቱም ሴንሰር ከአየሩ ጋር መስማማታቸው ሴንሰሮቹ ልክ እንደሆኑ ያሳያል፤ አንዱ በ10 ዲግሪ ቢለይ እሱን ነበር የምንከተለው። 63 ዲግሪ ዳገት ላይ፣ በእኛ ሙቀት፣ የሚያስደነግጥ አይደለም። 214 እና 212 መቀራረባቸው ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር ያለው መስመር ጤነኛ ነው ማለት ነው። 598 ደግሞ ኮንቨርተሩ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እየሠራ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በል፤ 13.9 ያለው ዋናው የሃይብሪድ ኮምፒውተር ነው፣ እሱ ጋ የደረሰውን ነው የሚያውቀው። ለሞተር መቆጣጠሪያው ስንት እንደደረሰ አይነግርህም። ሁለቱ ከአንድ ሪሌ ቢመገቡም ከፊውዙ ጀምሮ መንገዳቸው ይለያል።

ብርቱካን_ገመድ

ማንም ብርቱካናማውን (የከፍተኛ ቮልት) ገመድ ከመንካቱ በፊት ይህን ያንብብ፤ ነፍስ ነው።

መኪናው ይጥፋ፣ ቁልፉ ከመኪናው ርቆ ይቀመጥ። ከኋላ ያለውን የ12 ቮልት ባትሪ ኔጋቲቭ ፍታ። 1000 ቮልት የሚችል ክፍል 0 የጎማ ጓንት አድርግ። ከማድረግህ በፊት አፉን ጠቅልለህ አየሩን ወደ ጣቶቹ ግፋ፤ አንዷ ጣት ቀስ ብላ ከጎደለች ቀዳዳ አለው፣ ጣለው። ከዚያ የትልቁን ባትሪ ሰርቪስ ፕለግ (ከፍተኛውን ቮልት የሚቆርጠውን መሰኪያ) ንቀልና ኪስህ ክተተው፤ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሌላ ሰው መልሶ ሊሰካው ይችላል። 10 ደቂቃ ጠብቅ። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች እስኪያራግፉ ነው የምትጠብቀው። ክዳኑ ሲከፈት ቢያንስ 750 ቮልት ዲሲ የሚለካ መልቲሜትር ይዘህ በፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል፣ ከዚያም እያንዳንዱን ከማሳ (ከመኪናው አካል) ጋር ለካ። ዜሮ መሆን አለበት። መልቲሜትሩ ራሱ እንደሚሠራ ከመለካትህ በፊትም በኋላም የ12 ቮልት ባትሪ ላይ ሞክረው።

ክዳኑ የኢንተርሎክ ማብሪያ (መዘጋቱን የሚያይ) አለው። ሲገጠም በትክክል ካልተቀመጠ ፒ0ኤ0ዲ ይመጣና መኪናው «ሬዲ» አይልም፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ አዲስ ብልሽት የፈጠረ ይመስለዋል።

ለገሀሬ_ቴስተር

አሁን ኢንቨርተሩ ውስጥ የተቃጠለ ነገር መኖሩን በመልቲሜትር ማየት ይቻላል። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርግ። ወደ ሁለቱ ሞተሮች የሚሄዱትን ሦስት ሦስት ገመዶች ፍታ። ሳትፈታ ብትለካ የሞተሩ ጥቅልል ሦስቱን ፌዝ ስለሚያገናኛቸው የአንዱ ሾርት በሦስቱም ላይ ይታይና የትኛው እንደሆነ አይለይህም። የኤርኮንዲሽነሩን ብርቱካናማ ሶኬትም ንቀል፤ በዚህ ሞዴል ኮምፕሬሰሩ የራሱ ኢንቨርተር ስላለው ንባቡን ያበላሻል።

ቀዩን ጫፍ ኔጋቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ዩ ላይ። 0.3 እስከ 0.5 መካከል ቁጥር ትጠብቃለህ። ቪ እና ደብሊውም እንዲሁ፤ ከቁጥሩ ይልቅ የሦስቱ መመሳሰል ነው ዋናው። ገልብጠው፤ ቀስ እያለ የሚወጣ ቁጥር አይተህ መጨረሻ ላይ ክፍት ማለት አለበት። ዜሮ ካለ የታችኛው ትራንዚስተር ሾርት ነው። ቀጥሎ ቀዩን ፖዘቲቩ ላይ አድርገህ የላይኞቹን በተመሳሳይ መንገድ ትለካለህ።

ሽቦ_አንባቢ

የታችኞቹ ልክ ነው፣ የላይኞቹ ግን እንደዚያ አይለኩም፤ ብዙ ጤነኛ ኢንቨርተር «ተቃጠለ» የተባለው በዚህ ስሕተት ነው። ከባትሪ በኩል የሚገባው ፖዘቲቭ እና ትራንዚስተሮቹ የተቀመጡበት ፖዘቲቭ አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ሪአክተሩ (የቡስቱ ጥቅልል) እና የቡስቱ ላይኛ ዳዮድ አለ፤ ዳዮዱ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ቀዩን ፌዝ ላይ፣ ጥቁሩን የመግቢያው ፖዘቲቭ ላይ ብታደርግ ጤነኛው ኢንቨርተርም በመጨረሻ ክፍት ይላል። ሰው «የላይኛው ዳዮድ ተበጥሷል» ብሎ ይደመድማል።

ከውጭ ሆነህ የላይኛውን ሾርት የምታገኘው እንዲህ ነው፦ ቀዩን የመግቢያው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ፌዙ ላይ አድርግ። ጤነኛ ከሆነ ቁጥሩ ከ0.7 አካባቢ ተነስቶ ካፓሲተሩ ሲሞላ እየወጣ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ክፍት ይላል። 0.3 ወይም 0.4 ላይ ቆሞ ከቀረ የዚያ ፌዝ የላይኛው ትራንዚስተር ሾርት ነው፤ በመንገዱ ላይ የቀረው የቡስቱ ዳዮድ ብቻ ነውና። ቡስቱን ራሱን ለማየት ቀዩን ኔጋቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን የመግቢያው ፖዘቲቭ ላይ፤ አንድ ዳዮድ ብቻ ማየት አለብህ። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ከሆነ የቡስቱ ታችኛ ትራንዚስተር ሄዷል። በአንዱና በሚቀጥለው መለኪያ መካከል ትንሽ ታገስ፤ መልቲሜትሩ ራሱ ካፓሲተሩን ስለሚሞላው ቀጣዩን ንባብ ያዛባዋል።

የዚህ ፈተና ገደብም ይታወቅ። ከወደቀ ኢንቨርተሩ ሞቷል። ካለፈ ግን ዳዮዶቹ አሉ፣ ሾርት የለም ማለት ብቻ ነው፤ የትራንዚስተሩን መክፈቻና መዝጊያ ወይም ሲግል የሚለያይ ብየዳን አያሳይም።

ጀጎል_ቮልት

የላይኛውን በተመለከተ ትምህርት ነው፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ገመዶቹ ከተፈቱ አይቀር ሞተሮቹም ይለኩ። እያንዳንዱ ፌዝ ከማሳ ጋር በ500 ቮልት ሜገር፤ በሁለተኛው ትውልድ የፋብሪካው መለኪያ 10 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ እዚህም ከዚያ በታች ከሆነ አላምነውም። በፌዝ መካከል ያለው ሬዚስታንስ በሚሊኦም ስለሆነ ተራ መልቲሜትር ሁሉንም 0.2 ወይም 0.3 ኦም ይልሃል፤ ያ የራሱ የመለኪያ ገመዶች ነው። ጥቅልሉ ውስጥ ያለ ሾርት በሜገርም አይታይም፣ የሚሊኦም መለኪያ ይፈልጋል።

ሪዞልቨሩ በተራ መልቲሜትር ይለካል። በሁለተኛው ትውልድ (2004–2009) የማነቃቂያው ጥቅልል ከ7.65 እስከ 10.2 ኦም፣ ሳይኑና ኮሳይኑ እያንዳንዳቸው ከ12.6 እስከ 16.8 ኦም ናቸው። ለሌላ ሞዴል የራሱን መጽሐፍ ተመልከት። ሜገር ግን ሪዞልቨሩ ላይም ሆነ ማንኛውም ቀጭን ሽቦ ላይ እንዳይገባ።

ድል_ጮራ_ሰፈር

ጥያቄ አለኝ። የኔ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፒ0ኤኤ6 ነው የሚለው፣ ይህም ኢንቨርተር ነው?

ጀጎል_ቮልት

እሱ የኢንሱሌሽን ኮድ ነው። ከፍተኛው ቮልት ወደ ማሳ እየሸሸ ነው ማለት ነው። ዝርዝር ኮዱን አንብብ፦ 526 መሸሹን ብቻ ይናገራል። 611 ከኤርኮንዲሽነሩ፣ 612 ከባትሪው፣ 613 ከካምቢዮውና ከሞተሮቹ፣ 614 ከዲሲው መስመር። 613 ከሆነ የካምቢዮውን ዘይት አይተህ ጀምር፤ ኤቲኤፍ ደብሊውኤስ ነው መሆን ያለበት። ለዚህ የራስህን ክር ክፈት፣ እዚህ እንዳይደባለቅ።

ከዚራ_11

ተለካ። ሰርቪስ ፕለግ ወጥቶ 10 ደቂቃ ተጠብቋል፣ ከዚያ 0 ቮልት።

በሞተሩ በኩል ከኔጋቲቭ ወደ ዩ፣ ቪ፣ ደብሊው፦ 0.36፣ 0.36፣ 0.37። በጄነሬተሩ በኩል፦ 0.38፣ 0.37፣ 0.38። ሲገለበጥ ሁሉም እየወጣ ክፍት ይላል። ከመግቢያው ፖዘቲቭ ወደ ስድስቱም ፌዝ፦ ከ0.7 ተነስቶ ይወጣል፣ አንድም የቆመ የለም። ቡስቱ 0.35፣ ሲገለበጥ ክፍት። ሜገሩ በሁሉም ፌዝ ከ100 ሜጋኦም በላይ።

ለገሀሬ_ቴስተር

ንጹሕ ነው። እንግዲህ ወደ 12 ቮልቱ ግባ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ሁሉም ተገጥሞ መኪናው «ሬዲ» ላይ ይሁን። ወፍራሙን ሶኬት አትንካ፤ የምትፈልገው ኢንቨርተሩ ላይ ያለው ባለ ብዙ ቀጭን ሽቦ ሶኬት ነው። ሶኬቱን ሳትነቅል ከጀርባው ቀጭን መርፌ ወደ መመገቢያው ፒን አስገባ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ እዚያ፣ ቀዩን ኮፈኑ ሥር ያለው የማስነሻ ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። የምታነበው በመንገዱ ላይ የሚጠፋውን ቮልት ነው። ከ0.1 በታች መሆን አለበት። ማሳውንም እንደዚሁ፤ ከማሳ ፒኑ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ፣ ከ0.1 በታች።

ኦም ብቻ ለክተህ እንዳትረካ። አሥር ክር ካለው ሽቦ አንድ ክር ብቻ ቢቀር መልቲሜትር ኦም ላይ «ደህና ነው» ይልሃል፤ ጭነት ሲመጣ ነው የሚጋለጠው። ፊውዙንም ከላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች ብቻ አትለካ። እዚያ የምታየው የፊውዙን ሽቦ ነው፣ እግሮቹ የተሰኩበትን መያዣ አታይም።

ችግሩ ሲግል ስለሆነ የሚመጣው በፀጉር ማድረቂያ አንድ በአንድ አሙቅ፦ መጀመሪያ የፊውዝ ሣጥኑን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ ከዚያ ሶኬቱን። አንዱን አሙቀህ ቁጥሩ ካልተነሳ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሌላው አትሂድ።

ደቻቱ_ማዶ

በዚሁ አጋጣሚ ማቀዝቀዣውንም እዩት። ኢንቨርተሩ ከሞተሩ የተለየ የራሱ የኩላንት መስመር አለው። የራሱ ገንዳ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ፓምፕ። «ሬዲ» ላይ ክዳኑን ከፍተህ ገንዳው ውስጥ ውሃው ሲናወጥ ማየት አለብህ፤ ፀጥ ካለ ፓምፑ ቆሟል ወይም አየር ይዟል። ፓምፑ ሲሞት የሚመጣው ፒ0ኤ93 ነው።

እባካችሁ የቧንቧ ውሃ አታድርጉበት። የድሬ ውሃ በኖራ የከበደ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። ያው ቅርፊት ትራንዚስተሮቹ ሥር ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይጋገራል። ሮዙ የቶዮታ ኩላንት ተበጥብጦ የሚመጣው ይግባ፤ ካልሆነ ያልተበጠበጠው ከዲስቲልድ ውሃ ጋር እኩል በእኩል።

ከዚራ_11

ተገኘ።

ማሳው 0.03፣ ደህና ነው። መመገቢያው ሲቀዘቅዝ 0.06 ነበር። የፊውዝ ሣጥኑ ሁለት ደቂቃ ሲሞቅ 0.4 ገባ፤ ከዚያ መዝለል ጀመረ፣ 1.3፣ 0.5፣ 2.1፣ ወዲያው «ሬዲ» ጠፋ። ኮዶቹ ያው ሁለቱ ናቸው። ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ፊውዝ ሲነቀል ሽቦው ሙሉ ነው፣ አንደኛው እግሩ ግን ቡናማ ሆኗል። የመያዣው አንዱ ከንፈር ተከፍቷል፤ ፊውዙ ያለምንም ግፊት ነው የሚገባው።

ለገሀሬ_ቴስተር

እግሩን በአሸዋ ወረቀት ጠርገህ መልሰህ እንዳትሰካው። ከንፈሩን በፒንሳ ማጥበብም አይበቃም፤ አንዴ የጋለ መያዣ ጉልበቱን ስላጣ ከወር በኋላ ይመለሳል። የ12 ቮልቱን ኔጋቲቭ ፈትተህ ያንን መያዣ ብቻ ከሣጥኑ ሥር አውጣው፣ ከወደቀ መኪና ሣጥን ተመሳሳዩን ከ10 ሳንቲሜትር ሽቦው ጋር ቁረጥና በክሪምፕ አገናኝ፣ በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ አልብሰው። ፊውዙም አዲስ ይሁን፣ አምፔሩ በሣጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈው ራሱ። ከፍ ያለ አታድርግ።

ከዚራ_11

መያዣው ተቀየረ። አሁን ሲሞቅም 0.05 ላይ ቆሟል። ቴክስትሪም ተሰክቶ በ8 ሰዓት ሙቀት ወደ ደንገጎ ተወጣ፦ ከቡስት በኋላ ያለው ቮልት እስከ 630፣ የኮንቨርተሩ ሙቀት እስከ 66፣ ኮድ የለም። ሲወርድም የለም።

ሽቦ_አንባቢ

በጣም ጥሩ! የዛሬውን የቁጥር መዝገብ አታጥፋው። ከአንድ ወር በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዳገት ድገመው። ቮልቱ ያው ሆኖ የኮንቨርተሩ ሙቀት ከ66 በ10 ዲግሪ ከፍ ካለ ወደ ደቻቱ_ማዶ የኩላንት ምክር ሂድ። ፒ0ኤ1ቢ ብቻውን፣ ያለ ዩ0110 ከመጣና መመገቢያው በዚያ ሰዓት 0.05 ላይ ከሆነ ያኔ ጥርጣሬው ቦርዱ ላይ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣውን ስትመርጥ ኢንቨርተሩ ላይ የተለጠፈው፣ በጂ92 የሚጀምረው ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ ከራስህ ጋር ይግጠም። ገንዘብ ሳትከፍልም ከላይ ያለውን የዳዮድ ፈተና እዚያው አድርግበት፤ ከመኪና ውጭ ስለሆነ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ጀጎል_ቮልት

የ2014ቱ የሶፍትዌር እድሳትም ይረጋገጥ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ጠይቅ።

ከዚራ_11

እሺ፣ ነገ ጠዋት እጠይቃለሁ። መልሱን እዚሁ እጽፈዋለሁ።